የህክምና ቢል ጫንቃችን ላይ እያለ ድምፅ እንዴት እንስጥ፦ ለተስፋ ወይስ ሊሆን ለሚችለው?

ምርጫ በደረሰ ቁጥር አሜሪካ ባለነው ሀበሾች መሀል የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ «እኔ ሁሉም ሰው እኩል ይታከም የሚለውን ነው የምመርጠው፣ ካልጠየቅን ማን ይሰጠናል» ይላል፣ ሌላው ደሞ «ኧረ ተው፣ እሱ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ ይልቅ የሚያሸንፈውንና ትንሽም ቢሆን የሚያስፈፅመውን እንምረጥ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል፣ ከዛ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ማንም ሀሳቡን ሳይቀይር ይለያያል።

እኔ ሁለቱንም አከብራለሁ፣ ምክንያቱም ሁለቱም የሚናገሩት ከጭንቀት ነው፣ ወይ ፕሪሚየሙ (በየወሩ ለኢንሹራንስ የሚከፈለው) ከብዷቸዋል ወይ መድሃኒቱ ወይ ኮሌክሽን (እዳ ሰብሳቢ ድርጅት ጋ) የሄደ ቢል አለ። ግን ክርክሩ የሚጀመረው ከእጩው ንግግር ስለሆነ መጨረሻ የለውም። ከቢሉ ብንጀምር ግማሹ ጥያቄ እዛው ይመለሳል ብዬ ነው የማምነው። ስለዚ በየምርጫው እኔ የምሄድበትን መንገድ ነው የምፅፍላችሁ።

ከሁሉ በፊት ግን ይሄን አንብቡ። ለፕሬዝዳንት፣ ለኮንግረስና ለስቴት ምርጫ ድምፅ የሚሰጠው ሲቲዝን ብቻ ነው። ግሪን ካርድ ያላችሁ፣ መንጃ ፈቃድ ልታወጡ ስትሄዱ «መራጭ ሆነህ መመዝገብ ትፈልጋለህ ወይ» የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ እዛ ላይ ሳታነቡ የስ ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ተሳስቶም ቢሆን የተመዘገበ ወይ የመረጠ ሰው ሲቲዝንሺፕ ሲያመለክት ትልቅ ችግር ይገጥመዋል፣ እስከ ዲፖርቴሽን ሊያደርስ ይችላል። እንደ ሜሪላንዷ ታኮማ ፓርክ ያሉ ጥቂት ከተሞች ለከተማ ምርጫ ብቻ ሲቲዝን ያልሆነ ነዋሪንም ያስመርጣሉ፣ ምዝገባው ግን ለብቻው ነው፣ እንዳታምታቱት።

ፖስታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው

አንድ ሌሊት ኢመርጀንሲ የገባ ሰው ቤት የሚመጣው ወረቀት አንድ ብቻ አይደለም። መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ ረጅም ሰንጠረዥ ይመጣል፣ ከላዩ በትልቁ «ይሄ ቢል አይደለም» የሚል ተፅፎበታል፣ ሆስፒታሉ የጠየቀው አንድ ቁጥር አለ፣ ኢንሹራንሱ የተስማማበት ከሱ በጣም ያነሰ ሌላ ቁጥር አለ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ «የእርስዎ ድርሻ» የሚል። ከሳምንታት በኋላ የሆስፒታሉ ቢል ይደርሳል፣ እሱን ተከትሎ ስሙን ሰምተነው የማናውቅ ድርጅት ለሀኪሙ ብቻ ያስከፍላል፣ ራጁን ያነበበው ደሞ በሌላ ፖስታ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ይደነግጥና መሳቢያ ውስጥ ከቶ ይዘጋዋል፣ ኮሌክሽን እስኪደውል ድረስ። አውጧቸው። የኢንሹራንሱን ወረቀት ከየቢሉ ጋር በህክምናው ቀን አገናኙት፣ «የእርስዎ ድርሻ» የሚለው ቁጥርና ቢሉ ላይ ያለው ካልገጠመ ከመክፈላችሁ በፊት ደውሉ። ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ኢንሹራንስ ያለው ሰው ኢመርጀንሲ ሄዶ ሀኪሙ ከኔትወርክ ውጪ (ከኢንሹራንሱ ጋር ያልተዋዋለ) ነበር ተብሎ ትርፍ እንዳይጠየቅ የሚከለክል የፌደራል ህግ አለ፣ የመሬት አምቡላንስን ግን አይሸፍንም፣ እዛ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል።

ይሄ ከምርጫ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። ዋናው እዚህ ነው ያለው፣ ወረቀቶቹ ከተደረደሩ በኋላ ችግራችሁን በአንድ መስመር ፃፉት። «ህክምና ተወደደ» አይበቃም። ፕሪሚየሙን መክፈል አቃተኝ ነው? ኢንሹራንስ አለኝ ግን ዲዳክቲብሉ (ኢንሹራንሱ መክፈል ሳይጀምር ከኪሴ የማወጣው) ትልቅ ስለሆነ ሀኪም ጋ መሄድ እፈራለሁ ነው? የመድሃኒት ዋጋ ነው? ከሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ከሚሰጠው የመንግስት ኢንሹራንስ) ተሰረዝኩ ነው? ወይስ የቆየ እዳ? እነዚህ ሁሉ በተለያየ ሰው እጅ ነው ያሉት፣ እና «ሁሉንም አስተካክላለሁ» የሚል እጩ ፊት ስትቆሙ የራሳችሁ አንድ መስመር ካለች ንግግሩ አይወስዳችሁም።

ቁልፉ ማን ጋ ነው

ሜዲኬይድ ከሆነ ጥያቄው መጀመሪያ ስቴታችሁ ጋ ነው። ኦባማኬር (የ2010ሩ የጤና ኢንሹራንስ ህግ) ሲወጣ ሜዲኬይድ በሁሉም ስቴት እንዲሰፋ ነበር የታሰበው፣ 2012 ላይ ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ለስቴቶች ተወው። እስካሁን 40 ስቴቶችና ዲሲ አስፍተዋል፣ ቴክሳስ፣ ጆርጂያና ፍሎሪዳ ሙሉ በሙሉ ካላሰፉት ውስጥ ናቸው። ስለዚ ዳላስና አትላንታ ያላችሁ ወገኖች፣ ለፕሬዝዳንት ምርጫ ብቻ ተሰልፋችሁ የገዢውን (የገቨርነሩን) እና የስቴት ምክር ቤቱን ምርጫ የምትዘሉ ከሆነ የናንተን ቢል የሚነካውን ሰው ነው የዘለላችሁት። ቴክሳስ ውስጥ ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ የቱንም ያህል ደሃ ቢሆን ሜዲኬይድ አያገኝም፣ ገቢው ከድህነት መስመር በታች ከሆነ ደሞ በማርኬትፕሌስ (ከስራው ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ራሱ በሚገዛበት የመንግስት ገበያ) የሚሰጠው ድጎማም አይደርሰውም፣ መሀል ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚቀረው። የሰው አረጋዊ እያጠቡ እያበሉ ራሳቸው ግን ሀኪም ማየት የማይችሉ የሆም ኬር ሰራተኞች እህቶቻችን እዛ ውስጥ አሉ፣ ይሄ ሁሌም ያመኛል።

ሚዙሪና ኦክላሆማ 2020 ላይ፣ ሳውዝ ዳኮታ 2022 ላይ ህዝቡ ራሱ በቀጥታ ድምፅ ሰጥቶ ነው ሜዲኬይድን ያሰፋው፣ እነዚህ ሶስቱም ሪፐብሊካን የሚያሸንፍባቸው ስቴቶች ናቸው። ቴክሳስና ጆርጂያ ውስጥ ግን ህዝብ ፊርማ ሰብስቦ ህግ የሚያወጣበት እንደዛ ያለ መንገድ የለም፣ ያለው መንገድ የሚመረጠው ሰው ብቻ ነው።

የማርኬትፕሌስ ፕሪሚየም ከሆነ ችግራችሁ፣ ድጎማው በኮንግረስ እጅ ነው። 2021 ላይ ከፍ ተደርጎ የነበረው ተጨማሪ ድጎማ በ2025 መጨረሻ ነው ጊዜው ያበቃው፣ ብዙ ኡበር የሚነዳና የራሱ ትንሽ ስራ ያለው ሀበሻ ፕሪሚየሙ በአንዴ የዘለለበት በዚህ ነው። ጆርጂያ፣ ዋሽንግተን ስቴትና ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደሞ የስቴቱን ኢንሹራንስ ካምፓኒዎች የሚቆጣጠረውን፣ የኢንሹራንስ ኮሚሽነር የሚባለውን ሰው የምትመርጡት እናንተ ናችሁ፣ በባሎቱ (በምርጫ ወረቀቱ) ታች በኩል የሚገኝ ሰው የማያየው ቦታ ነው። ከስራ የሚሰጣችሁ ኢንሹራንስ ከሆነ ኤችአሩን «ሰልፍ ፈንድድ ነው ወይ» (የህክምናውን ወጪ አሰሪው ራሱ ነው ወይ የሚሸፍነው) ብላችሁ ጠይቁት፣ ከሆነ በ1974ቱ የፌደራል ህግ ስር ስለሆነ ብዙ የስቴት ህግ አይነካውም፣ የስቴት እጩ አስተካክልላችኋለሁ ቢላችሁ አያገባውም። ካውንቲም አትናቁ፣ ዳላስ ያለው ፓርክላንድ ሆስፒታል የካውንቲ ነው፣ ቦርዱን የሚሾመውና ታክሱን የሚያፀድቀው የተመረጠው የካውንቲው ምክር ቤት ነው።

ፕራይመሪ ነው ወይስ ጄኔራል?

የኔ አቋም ግልፅ ነው፦ ፕራይመሪ (ፓርቲው እጩውን የሚመርጥበት) ላይ ለተስፋ፣ ጄኔራል (የፓርቲዎቹ እጩዎች የሚፋጠጡበት ዋናው ምርጫ) ላይ ለሚቆጠረው።

ፕራይመሪ ማለት ፓርቲው ወዴት እንደሚሄድ የሚነገርበት ቦታ ነው። እዛ ላይ ፈርታችሁ «ይሄኛው አያሸንፍም» ብላችሁ የልባችሁን ካልተናገራችሁ፣ ፓርቲው ያ ጥያቄ መኖሩንም አያውቅም። 2016 ላይ ለሁሉም ሰው አንድ የመንግስት ኢንሹራንስ ይኑር ያለው በርኒ ሳንደርስ ለሂላሪ ክሊንተን ተሸነፈ፣ ግን በ2020ው የዴሞክራት ፕራይመሪ የሱን ሀሳብ የያዙ እጩዎች በዝተው መጡ፣ ለዘብ ያለው ባይደን ራሱ የመንግስት ኢንሹራንስ እንደ አማራጭ ይቅረብ ብሎ ነው የተወዳደረው። የተሸነፈ ድምፅ ባዶ አይደለም ለማለት ነው። (ያ የባይደን አማራጭ ግን እስከ መጨረሻው ህግ አልሆነም፣ ይሄንንም እወቁ።)

ህጉን ቀድማችሁ እዩት ታዲያ። ሜሪላንድና ዲሲ በፓርቲ ካልተመዘገባችሁ የፓርቲውን ፕራይመሪ አትመርጡም፣ «አንአፊሊየትድ» (የየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም) ብሎ የተመዘገበ ሰው ወሳኙን ምርጫ ከውጪ ሆኖ ነው የሚያየው፣ እነዚህ ቦታዎች ላይ ደሞ ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚያልቀው ፕራይመሪ ላይ ነው። ቨርጂኒያ፣ ቴክሳስና ጆርጂያ በፓርቲ መመዝገብ የለም፣ የፈለጋችሁትን የአንዱን ፓርቲ ባሎት ትወስዳላችሁ። እንደ ሜይን፣ እንደ ኒውዮርክ ከተማ ፕራይመሪና እንደ ታኮማ ፓርክ እጩዎችን በደረጃ የምታስቀምጡበት ቦታ ካላችሁ ደሞ ተስፋውን አንደኛ፣ የሚሆነውን ሁለተኛ አድርጉ፣ ክርክሩ እዛው አለቀ።

ጄኔራል ላይ ግን ቁጥር ነው። ጁላይ 2017 ሴኔቱ ኦባማኬርን ለማፍረስ ሌሊት ላይ ድምፅ ሲሰጥ 49 ለ 51 ነው የወደቀው። ጆን ማኬይን፣ ሱዛን ኮሊንስና ሊሳ መርካውስኪ ከራሳቸው ሪፐብሊካን ፓርቲ ተለይተው ተቃወሙ። ከሶስቱ አንዳቸው ብቻ እሺ ቢሉ 50 ለ 50 ሆኖ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ያፀድቁት ነበር። ስኳርና ደም ግፊት ያለበትን ሰው ኢንሹራንስ ካምፓኒ «ታመህ ነበርና አንቀበልም» እንዳይለው ያደረገው ህግ ነው እኮ። እንደዚ ዓይነት ሌሊት ላይ ሴኔት ውስጥ የሚቀመጠው ሰው የልቤን ሁሉ የሚናገር ባይሆንም ግድ የለኝም፣ እጁን የቱ ጋ እንደሚያነሳ ማወቅ ይበቃኛል።

የተስፋውን እጩ ምን ብላችሁ ትጠይቁታላችሁ

ተስፋን ሳልጠይቅ አልመርጥም። ሶስት ነገር ነው የምፈልገው፦ ገንዘቡ ከየት፣ ድምፁ ከየት፣ እና ሙሉው ባይሳካ በመጀመሪያው ዓመት ምን ታመጣልኛለህ።

ገንዘቡን ለምን? ቨርሞንት 2011 ላይ ለሁሉም ነዋሪ አንድ ኢንሹራንስ የሚያመጣ ህግ አፀደቀች፣ ዲሴምበር 2014 ላይ ግን ያንኑ ህግ የፈረሙት ገቨርነር ፒተር ሻምሊን ራሳቸው የሚያስፈልገው ታክስ በጣም ከብዷል ብለው ተዉት። ኮሎራዶ ደሞ 2016 ላይ ተመሳሳይ ሀሳብ ለህዝብ ቀርቦ ከአምስት ሰው አራቱ ያህል እምቢ አለ። ሀሳቡ መጥፎ ስለሆነ አይመስለኝም፣ ሰው «ታክሴ ስንት ይጨምራል፣ ፕሪሚየሜስ ስንት ይቀንሳል» ብሎ ሲጠይቅ ልቡን የሚያሳርፍ መልስ አላገኘም። ስለዚ እጩው ሁለቱን ቁጥር አብሮ ካልነገራችሁ አጥብቃችሁ ጠይቁት።

ድምፁን ለምን? ሴኔት ውስጥ አብዛኛው ህግ ለማለፍ 60 ድምፅ ይፈልጋል። ዲሴምበር 24፣ 2009 ኦባማኬር በሴኔት ያለፈው ልክ በ60 ነው፣ አንድም ትርፍ አልነበረም። ለዛ ነው የኮኔቲከቱ ሴናተር ጆ ሊበርማን «የመንግስት ኢንሹራንስ አማራጭ ካለበት አልደግፍም» ሲሉ ያ ክፍል የወጣው። አንድ ሰው። እና አስቡት፣ 2008 ፕራይመሪ ላይ ኦባማና ሂላሪ ብዙ የተከራከሩት ሰው ሁሉ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ይገደድ ወይስ አይገደድ በሚለው ነበር፣ ግዴታ ይሁን ያለችው ሂላሪ ነበረች፣ አይሁን ያለው ኦባማ አሸነፈና 2010 ላይ ግዴታው ያለበትን ህግ ፈረመ። ስለዚ በፕላን ዝርዝር ላይ ወንድምና እህት አትጣሉ፣ ዝርዝሩን የሚወስነው ኮንግረስ ነው። እጩው የትኛውን ነገር ደጋግሞ እንደያዘና በቀድሞ ስራው ድምፁን የት እንደሰጠ እዩ።

ይሄን ሁሉ ብዬ ግን ተስፋ ሞኝነት ነው የሚለውን አልቀበልም። ፕሬዝዳንት ትሩማን 1945 ላይ ለሁሉም አሜሪካዊ የጤና ኢንሹራንስ ይኑር ብለው ኮንግረስን ጠየቁ፣ አልተሳካም፣ ሶሻሊስት ተባሉ። ከ20 ዓመት በኋላ ጁላይ 30፣ 1965 ፕሬዝዳንት ጆንሰን ሜዲኬርን (የአረጋውያኑን የመንግስት ኢንሹራንስ) ሊፈርሙ ሚዙሪ ኢንዲፔንደንስ ድረስ ሄደው ትሩማንን አጠገባቸው አስቀምጠው ነው የፈረሙት፣ የመጀመሪያውንም የሜዲኬር ካርድ ለሳቸው ሰጧቸው። ዛሬ እናቶቻችን 65 ሲሞላቸው የሚይዟት ካርድ ከዛ ነው የመጣችው።

የስሌቱንም እጩ አትማሩት

«እኔ ማስፈፀም እችላለሁ» የሚል ሰው፣ እስካሁን ያስፈፀመው ምንድነው? ይሄን ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንጠይቅም፣ ረጋ ብሎ ስለተናገረ ብቻ አዋቂ ይመስለናል። ቀጥላችሁ ደሞ የማይደራደርበትን አንድ ነገር እንዲናገር ጠይቁት። ምንም ከሌለው፣ እሱ የሚያስፈፅመው ሌሎች የሚፈልጉትን ነው።

ትክክለኛ ስሌት ምን እንደሚመስል ለማየት 2022ን እዩ። ዴሞክራቶቹ ሴኔቱ ውስጥ 60 ድምፅ ስላልነበራቸው በጀት ነክ ህግ በግማሽ ድምፅ የሚያልፍበትን መንገድ ተጠቅመው የመድሃኒት ዋጋን የሚነካ ህግ 51 ለ 50 አሳለፉ (51ኛው የምክትል ፕሬዝዳንቷ ድምፅ ነው)፣ ከ2023 ጀምሮ ሜዲኬር ያለው ሰው ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር በላይ አይከፍልም፣ ከ2025 ጀምሮ ደሞ በሜዲኬር የመድሃኒት ፕላን ውስጥ ከኪስ የሚወጣው በዓመት 2,000 ዶላር ላይ ተገደበ (በየዓመቱ ትንሽ ከፍ ይላል)። የ35 ዶላሩ ገደብ ለግል ኢንሹራንስም እንዲሆን ተሞክሮ ነበር፣ 57 ድምፅ አገኘ፣ 60 ስለሚያስፈልገው ቀረ። በአንድ ቤት እናት በ35 ዶላር ታገኘዋለች፣ ልጇ በሽታው አንድ ሆኖ ኢንሹራንሱ ስለተለየ ገደቡ አይደርሰውም። በነዚህ ሶስት ድምፆች ምክንያት ነው። የስሌት ሰው ነኝ የሚል እጩ ቢያንስ ይሄን የቀረውን ሶስት ድምፅ ከየት እንደሚያመጣ ያስረዳ።

መምረጥ ለማይችሉት ጭምር

ይሄ ክፍል ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ጁላይ 4፣ 2025 የተፈረመው ህግ ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ ግሪን ካርድ ያልያዙ ስደተኞችንና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎችን፣ ሪፊዩጂና አሳይሊ የምንላቸውን፣ አብዛኞቹን ከፌደራል ሜዲኬይድ ያስወጣል፣ ከ2027 መጀመሪያ ጀምሮ ደሞ የማርኬትፕሌስ ድጎማም ይቀርባቸዋል። ሜዲኬይድ በሰፋባቸው ስቴቶች ለአብዛኛው ጎልማሳ በወር 80 ሰዓት መስራቱን ወይ መማሩን የሚያስረዳ ወረቀት ማቅረብም በአብዛኛው በ2027 መጀመሪያ ይጀምራል። ይሄም ህግ ሴኔቱን ያለፈው 51 ለ 50 ነው። በየቤታችን በቅርብ የመጣ ዘመድ አለን፣ ኬዙ ያለቀለት ግን ግሪን ካርዱ ያልደረሰለት፣ እሱ መምረጥ አይችልም፣ የሱን ድምፅ የያዝነው እኛ ነን። ጉዳያችሁ ይሄ ከሆነ ግሪን ካርድ ማመልከት የምትችሉ ቶሎ አመልክቱ፣ እናንተ ሲቲዝኖች ደሞ ለኮንግረስ የሚወዳደረውን ሁሉ ይሄን አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ይሄን ትመልሰዋለህ ወይስ አትመልሰውም።

ቢሉ ምርጫ እስኪያልፍ አይጠብቅም

በመሀሉ የሚደረግ ነገር አለ። ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ፣ አብዛኛው እንደዛ ነው፣ የፌደራል ታክስ ህጉ ራሱ አቅም ለሌለው የሚረዳበት የተፃፈ ፖሊሲ እንዲኖረው ያስገድደዋል። ደውላችሁ «ፋይናንሻል አሲስታንስ ማመልከቻ ላኩልኝ» በሉ፣ ዝርዝር ቢልም ጠይቁ፣ አስተርጓሚ ይደወልልኝ ማለትም መብታችሁ ነው። ኢንሹራንስ ቢኖራችሁም ማመልከት ትችላላችሁ። ከ500 ዶላር በታች የሆነ የህክምና እዳ ከ2023 ጀምሮ ሶስቱ ትልልቅ የክሬዲት ድርጅቶች ሪፖርት ላይ አያስቀምጡትም፣ ኮሌክሽን ደውሎ «ክሬዲትህን አበላሻለሁ» ቢል በትንሽ ቢል አትደንግጡ።

የ2026 ምርጫ ኖቬምበር 3 ነው፣ የማርኬትፕሌስ ምዝገባ ደሞ ኖቬምበር 1 ይከፈታል። ሁለቱን በአንድ ሳምንት ጨርሱት፣ የአዲሱን ዓመት ፕሪሚየማችሁን አይታችሁ ብትመርጡ ደሞ የበለጠ ጥሩ ነው።

እናትና አባቶቻችን እንግሊዝኛው ስለሚያስቸግራቸው ብቻ መምረጥ የሚተዉ ብዙ ናቸው። ሲቲዝን ከሆኑ የፌደራሉ የመራጮች መብት ህግ ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው የመረጠውን ረዳት ይዞ እንዲገባ ይፈቅድለታል፣ አሰሪው ወይ የዩኒየኑ ተወካይ ካልሆነ ልጅም ጎረቤትም መሆን ይችላል። ዲሲ ውስጥ የምርጫ መረጃው በአማርኛም ይዘጋጃል። እማማን ይዛችሁ ስትገቡ ግን እሳቸው ያሉትን ነው የምታጠቁሩት፣ የናንተን አይደለም፣ ቤት ውስጥ በተስፋና በስሌት ብትለያዩም።

ከምርጫው በኋላ ደሞ የፃፋችኋትን አንድ መስመር አትጣሏት። ያሸነፈው ሰው ቢሮ ደውሉ፣ ዚፕ ኮዳችሁን ስጡ፣ መስመሯን አንብቡላቸው፣ በመጀመሪያው ዓመት አመጣለሁ ያለውን ነገር ያለበትን ቀን ጨምራችሁ ጥቀሱ። ሜዲኬርን ወይ ሌላ የፌደራል መስሪያ ቤትን የሚመለከት የተቀረቀረ ጉዳይ ካላችሁ የኮንግረስ አባላት ቢሮ ውስጥ ለዚህ የተቀመጠ ኬዝወርከር (ጉዳይ ተከታታይ ሰራተኛ) አለ፣ የመረጣችሁት ይሁን ያልመረጣችሁት የወረዳችሁ ሰው እስከሆነ ድረስ የመርዳት ስራ አለበት።